የዳካ አዲ የግንዛቤ እጥረት

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሌላው አገር ችግር ሲገጥመው ይጨነቃል፤ አዳማ አዳራሽ ታዘጋጃለች። ባነር ይሰቀላል፣ ቆብና ቲሸርት ይታደላል፣ ለስላሳና ኩኪስ ይደረደራል፤ ከዚያ አንድ ኃላፊ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና የችግሩ ዋና መንስኤ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት መሆኑን ይገልጻሉ። ሰው በመኪና ቢገጭ የግንዛቤ እጥረት ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ቢቀር የግንዛቤ እጥረት ነው። ጎርፍ ቤት ቢወስድ እንኳ ባለቤቱ ጎርፉን በሚገባ አልተገነዘበም ማለት ነው። ከዚያ ምሳ ይበላል።

ኑኃሚን ማናሴ ይህን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። የምትሠራው በአንድ የውሃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅርብን፣ ሁሉም የራሱን ያውቃል። የሥራ መደቧ «የክትትልና ግምገማ ባለሙያ» ይባላል። በአማርኛ ሲፈታ፣ የተሠራው ሥራ ለሰው ጠቅሟል ወይስ አልጠቀመም ብላ የምትጠይቅ ደመወዝተኛ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በየትኛውም መሥሪያ ቤት አይወደድም፤ እሷም አትወደድም።

የዚያን ሰኞ ስብሰባ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወዬሳ ቡዜ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መነጽር ሲያወልቁ ሰው የሚጎዳ ውሳኔ እየመጣ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ስለ ዳካ አዲ የውሃ ማጣሪያ ነው» አሉ። «ማሽኑን ከተከልን አምስተኛ ወራችን ነው። ለክትትል በሄድን ቁጥር ያገኘነው ሁለት ሦስት ሴት ብቻ ነው። ቦኖው ባዶ፣ ጠባቂው እንቅልፍ ላይ። ሌላ ወረዳ ደግሞ አምጡልን እያለ በር ይደበድባል። ስለዚህ ዓርብ የጭነት መኪና ሄዶ ማሽኑን ያነሣል። ረቡዕ ከሰዓት በቃለ ጉባኤ እናጸድቀዋለን።»

«መንስኤውስ?» አለች ኑኃሚን፣ እንደ ልማዷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

«የግንዛቤ እጥረት ነዋ!»

የኑኃሚንን እጅ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ተወልዳ ያደገችው ከመቂ ወዲህ ባለች መንደር ነው፤ አባቷ ወንጌላዊ ነበሩ። የመንደሩ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ኮለል የሚል ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም። የስምጥ ሸለቆ መሬት ግን ፍሎራይድ የሚሉትን ነገር ውሃው ውስጥ ይከትታል። ያንን እየጠጣ የሚያድግ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ እየቆየ አጥንቱ ይጠቃል። የኑኃሚን ጥርስ የሻይ ቅጠል ቀለም ያዘ። ታላቅ ወንድሟ አማኑ የባሰበት ነበር፤ ጉልበቶቹ ወደ ውጭ ጎብጠው ቀሩ፣ ዛሬ ገና በጎልማሳነቱ በምርኩዝ ይሄዳል። አዳማ ከገባች በኋላ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ስትገባ የመዘምራኑ መሪ «ድምፅሽ ድንቅ ነው፣ እህቴ» አላትና የኋለኛው መደዳ ላይ አቆማት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። መንገር አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲህ ስትናገርም ስትስቅም እጇ ወደ አፏ ይሄዳል።

እና እንዲሁ ፍሎራይድ ባጠቃት መንደር፣ ዳካ አዲ ላይ፣ ያ ፍሎራይዱን የሚያጠራው ማሽን ሲተከል ኑኃሚን ቤቷ ገብታ አልቅሳለች። በመንደሩ ገና ጥርስ የሚያበቅሉ ሕፃናት አሉ፤ ጥርስ ደግሞ አንዴ ከተበላሸ በኋላ የሚመልሰው የለም። አሁን ዓርብ ማሽኑ በጭነት መኪና ሊሄድ ነው።

«አቶ ወዬሳ፣ ጥናት አድርገናል እኮ» አለች። «ቤት ለቤት ጠይቀናል። ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት እንደሚጎዳ ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ያውቃሉ። እያወቁ የማይመጡበት ሌላ ምክንያት መኖር አለበት።»

አቶ ወዬሳ ፈገግ አሉ። «ያውቃሉ። አልተገነዘቡም። ማወቅና መገንዘብ ይለያያል።»

ግራና ቀኝ የተቀመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱማ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

«ስለዚህ» አሉ አቶ ወዬሳ፣ «ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ለዳካ አዲ ተወካዮች እዚሁ አዳማ፣ ሆቴል ይዘን፣ የሦስት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ እናዘጋጃለን። በጀቱ ተይዟል። ቲሸርቱም ታዟል።»

«ማሽኑ ከተነሣ በኋላ?»

«አዎ።»

«ምኑን እንዲገነዘቡ?»

«ለወደፊቱ ነዋ» አሉ አቶ ወዬሳ፣ መነጽራቸውን መልሰው እያጠለቁ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እነዚህ ግን ተምረውም ጠምጥመውም ነው እንዲህ የሆኑት፤ ምን ይደረጋል? ኑኃሚን ወደ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና ወንበሩን በእግሯ መታችው። ወንበሩ ምንም አላጠፋም።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የዚያን ቀን የተናደደችው በአቶ ወዬሳ ብቻ አልነበረም። በዳካ አዲ ሰዎችም ተናዳለች። እሷም ከእሳቸው ጋር እየሄደች ባዶውን ቦኖ በዓይኗ አይታለች። ጽሕፈት ቤቱ ያሉት መኪኖች ሁለት ናቸው፤ ሰኞ ሁሉም ስብሰባ ነው፣ ማክሰኞና ሐሙስ መኪኖቹን ሌላ ክፍል ይይዛቸዋል፣ ለክትትል የሚደርሳቸው ረቡዕና ዓርብ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ረቡዕ ሲሄዱ፣ ዓርብ ሲሄዱ፣ የሚያገኙት እነዚያኑ ሁለት ሦስት ሴቶች ነበር። የውሃ ቆጣሪው ከተተከለ በሳምንቱ ስለተበላሸ ሌላ ማስረጃ የለም። ጠባቂውን ሲጠይቁት «ዛሬ ሰው የለም፣ ጌታዬ» ይላል፤ ሪፖርቱ ላይ «ሰው የለም» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ወደ ሞጆ ይመለሱና ምሳ ይበላሉ። አቶ ወዬሳ በያይነቱ ያዛሉ፤ ረቡዕና ዓርብን አጥብቀው የሚጾሙ ሰው ናቸው። ኑኃሚን ጥብስ ታዛለች። «እናንተ ጴንጤዎች» ይሏታል ያኔ እየሳቁ፣ «ረቡዕ የላችሁ፣ ዓርብ የላችሁ! በሬውን ዕረፍት ነሣችሁት እኮ!» እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እንዲህ ነበር የሚመላለሱት።

ማክሰኞ ጠዋት ኑኃሚን ፈቃድ ወሰደችና በሚኒባስ ወደ ሞጆ ሄደች። ከሞጆ ወደ ባቱ መስመር በሚሄድ ሌላ መኪና ተሳፈረች፤ ከአስፋልቱ ዳር ወርዳ ባጃጅ ያዘች። የሄደችው ለምርመራ አልነበረም። ለጠብ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ መጣች፦ እናንተ ሰዎች ምን ዓይነት ወላጆች ናችሁ? እኔ እንዲህ ያለ ማሽን ያገኘሁ ልጅ ብሆን ኖሮ ዛሬ ከፊተኛው መደዳ እዘምር ነበር! ወንድሜ ይሮጥ ነበር! አፍንጫችሁ ሥር ያለ ውሃ ለመቅዳት ምን ያንሳችኋል? የባጃጁ ነጂ በመስታወቱ አንድ ሁለት ጊዜ አያት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ የምትጸልይ መስሎት መሆን አለበት፣ ሙዚቃውን ቀነሰው።

ቦኖው ጋ ስትደርስ ዘይት የሚታደል መሰላት።

ቢጫ ጀሪካን ከቧንቧው ጀምሮ አጥሩን ዞሮ እስከ መንገዱ ተደርድሯል። የአህያ ጋሪ ቆሟል። ሴቶቹ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፤ ሰልፍ ሰብራ ልትገባ የሞከረችውን አንዷን ተባብረው ወደ ኋላ ሲመልሷት ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ጠባቂው እንቅልፍ ቀርቶ መተንፈሻም አጥቷል። ኑኃሚን ከባጃጁ ወርዳ ባለችበት ቆመች።

«ምንድን ነው የሚታደለው?» ብላ ከሰልፉ ጫፍ ያለችውን ሴት ጠየቀች።

«ውሃ ነዋ» አለች ሴትዮዋ። ሽታዬ ትባላለች፤ ከኑኃሚን ትንሽ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ደልደል ያለች ሴት ናት። «ሌላ ምን ልትሰጡን?» ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ በዚያች በነጭ መኪና የምትመጪው አይደለሽም?»

«ነኝ። ይሄ ሰልፍ... ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው?»

«ምን ይገኛል? ማክሰኞ ነው። ሰኞም እንዲሁ ነው። ሐሙስማ ከዚህ ይብሳል።»

«ረቡዕስ? ዓርብስ?»

ሽታዬ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነበር። ሁሉም ጥርሳቸው እንደ ኑኃሚን ጥርስ ነው፣ አፏን የሸፈነች ግን አንዲትም አልነበረችም።

«ረቡዕና ዓርብማ ጾም ነው፣ እህቴ።»

«ጾም ውሃ ይከለክላል እንዴ?»

«ውሃ አይከለክልም። ይሄ ግን በአጥንት የሚያልፍ ውሃ ነው። ያንን ጥቁር ነገር ታንከሩ ውስጥ ስትሞሉት ቆመን አይተናል። ምንድን ነው ብለን ጠባቂውን ብንጠይቀው የተቃጠለ የበሬ አጥንት ነው አለን። ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም። ፍሎራይዱን የሚይዘው ያ የከሰለ አጥንት ነው። ኑኃሚን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የማሽኑን ሰነድ ያነበበችው እሷ ናት።

«እና በጾም ቀን አጥንት ያለፈበትን ውሃ ልጠጣ?» አለች ሽታዬ። «ማክሰኞ የቀዳሁትም እስከ ማታ ነው፤ ማታ እንስራውን አለቀልቀዋለሁ። ለረቡዕና ለዓርብ ከድሮው ፓምፕ እንቀዳለን። ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ እንስራ ነው የሚጠጣው፣ ለሕፃን ብዬ ሌላ እንስራ ከየት አመጣለሁ? እንደምንም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ነው እንግዲህ ጉዱ።»

ኑኃሚን ሁዳዴን አሰበች። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጾም ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ የድሮው ፓምፕ።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ቤት ለቤት መጥተን ጠይቀናችሁ የለም እንዴ?»

አሁን ሽታዬም ተቆጣች። «ምን ብላችሁ ጠየቃችሁን? ፍሎራይድ ጥርስ እንደሚያበላሽ ያውቃሉ ወይ ብላችሁ! ጥርሳችን አፋችን ውስጥ ነው ያለው፣ እንዴት አናውቅም? አዎ አልናችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ ሄዳችሁ። ረቡዕ ለምን አትቀጂም ያለኝ ሰው አለ? ቤቴ ከዚያ ማዶ ነው፤ በየሳምንቱ መኪናችሁ ስትመጣ አያችኋለሁ። ጾመኛ ቤቱ በሚቀመጥበት ቀን መጥታችሁ፣ ከእነዚያ ከሦስቱ ጴንጤዎች ጋር ጌታ ይባርካችሁ ተባብላችሁ ትመለሳላችሁ።»

ኑኃሚን ፊቷ ጋለ። እነዚያ ሁልጊዜ የሚያገኟቸው ሦስት ሴቶች! እህቶች እያለች የሳመቻቸው፣ ስለ መዝሙር ያወራቻቸው። ለምን እነሱ ብቻ እንደሚመጡ አንድ ቀን እንኳ አልገረማትም።

በዚያው ቅጽበት በመንገዱ ማዶ አንዲት ሻርፕ የለበሰች ወጣት ጀሪካን በጋሪ እየገፋች ታልፍ ነበር። ሽታዬ ጠራቻት። «ዋፊቃ! ነይማ፣ ለዚህች ንገሪያት። አንቺ ለምን አትቀጂም?»

ዋፊቃ ጋሪዋን አቆመችና ነገሩ ያልገባው ሰው መኖሩ ራሱ ገረማት። «እኛማ ከነጭራሹ አንቀዳም» አለች። «አጥንቱ ከክርስቲያን ሉካንዳ ነው የሚመጣው። ሽታዬ ጎረቤቴ ናት፣ ልጆቻችን አብረው ነው የሚያድጉት፣ ሥጋ ላይ ግን ቢላችን ለየብቻ ነው። የእኛን አጥንት ብትጨምሩበት ደግሞ እነሱ ይተዉታል። ይሄን የማያውቅ ያገር ሰው አለ እንዴ?»

«አለ» አለች ኑኃሚን። «ቢሮ ሙሉ አለ።»

ከዚያ በኋላ የተዘጋጀችበት ስድብ ሁሉ ጠፋባት። ወይም አልጠፋባትም፤ አድራሻው ተለወጠ። እሷ አጥንቱን ታውቃለች፣ ጾሙን ግን አላሰበችም። አቶ ወዬሳ ጾሙን ያውቃሉ፣ አጥንቱን ግን አያውቁም፤ በፈረሙበት ወረቀት ላይ «የማጣሪያ ሚዲያ» ነው የሚለው፣ ከዚያ አልፈው አልጠየቁም። ሁለቱ በአንድ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው አምስት ወር ተመላልሰው የተጨዋወቱት ስለ በያይነቱና ስለ ጥብስ ነበር። መልሱ የምሳ ገበታቸው ላይ ቀርቦላቸው፣ በልተውት ተመልሰዋል!

አማኑን አሰበችው፣ ምርኩዙ የቤቱን ደረጃ ሲመታ። የእነ አማኑን ትውልድ ማንም አላወቀለትም ነበር፣ ምን ይባላል። የዚህኛው ትውልድ ግን መድኃኒቱ መጥቶለት፣ ተተክሎለት፣ የጽሕፈት ቤት መኪና የምትወጣው ረቡዕና ዓርብ ስለሆነ ብቻ ሊነጠቅ ነው። ለዚህ ምን ዓይነት ስም ይሰጠዋል? ስሙማ አለ፣ የግንዛቤ እጥረት።

ከቦርሳዋ ሁለት ባዶ ሃይላንድ አወጣች።

«ሰልፍ ልያዝ?» አለች።

«ኧረ ቅጂ» አለች ሽታዬ። «ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ነገ ረቡዕ አይደል? እንግዳ አለብኝ።»

ረቡዕ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ከምሳ ተመልሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ገላና ብዕሩን አዘጋጅቷል፤ ዝም ያለ፣ የተነገረውን ሁሉ የሚጽፍ ልጅ ነው። ሙቀቱ የአዳማ ሙቀት ነው፤ አየር ማቀዝቀዣው ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። ኑኃሚን ብርጭቆ ደርድራ ውሃ ቀዳችላቸው። አቶ ወዬሳ በምስጋና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ። በርበሬው የበዛበት ሽሮ ነው ያበሉን ዛሬ።» ብርጭቆውን አነሡ። «እንግዲህ አጀንዳው አንድ ነው፤ የዳካ አዲ ማሽን ይነሣ፣ መድረኩም ይዘጋጅ...»

«ውሃው የዳካ አዲ ነው» አለች ኑኃሚን።

«ጎሽ» አሉ አቶ ወዬሳ። «እንግዲህ እኛ እንኳን እንጠጣው።» ብርጭቆው ከከንፈራቸው ደረሰ።

«ቆይ፣ ቆይ። ከመጠጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ታንከሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የማጣሪያ ሚዲያ ነው።»

«አጥንት ነው። የበሬ አጥንት፣ ተቃጥሎ የተፈጨ። ይሄ ውሃ በእሱ ውስጥ ነው ያለፈው።»

ብርጭቆው በአቶ ወዬሳ አገጭ ሥር ቆመ። ሊጠጣ የነበረው የፋይናንስ ኃላፊም ቆመ። ከወዲያ በኩል አንዷ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳያያት፣ ወደ ጠረጴዛው መለሰች።

«ዛሬ...» አሉ አቶ ወዬሳ።

«አዎ፣ ረቡዕ ነው።»

አቶ ወዬሳ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሳያስቡት ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፣ ምንም ሳይነካቸው።

«ለምን አልጠጡትም?» አለች ኑኃሚን። ተነሥታ ቆማለች። «ንጹሕ ውሃ ነው። ፍሎራይድ የለበትም። ጥቅሙን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በአምስት መድረክ ንግግር አድርገውበታል። ታዲያ ምን ሆነው ነው? ግንዛቤ አነሰዎት?»

«ኑኃሚን!» አለ የፋይናንስ ኃላፊው።

«ዝም አልልም! ከሰኔ ጀምሮ ዝም ብያለሁ፤ እኔም ያው እንደ እናንተ ደንቆሮ ነበርኩ! ትናንት ሄጄ ነበር። ማክሰኞ! ሰልፉ መንገድ ድረስ ነው። ሴቶቹ ሰኞ ይቀዳሉ፣ ማክሰኞ ይቀዳሉ፣ ሐሙስ ይቀዳሉ፤ በጾም ቀን አጥንት ያለፈበትን አይጠጡም፣ ልክ እርስዎ አሁን እንዳልጠጡት! ሙስሊሞቹ ደግሞ ሥጋውን የማን ቢላ እንደነካው ስለሚያውቁ ጨርሶ አይቀዱም። እኛ መኪና የምናገኘው ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ባዶ ቦኖ እያየን ባዶ ሪፖርት ጻፍን። እርስዎ በያይነቱ እየበሉ፣ እኔ ጥብስ እየበላሁ! እና ለዚህ ነው የሕፃናቱ ማሽን የሚነቀለው?»

ስትጮኽ እጇ አፏ ላይ አልነበረም። ራሷም አላስተዋለችውም። ቡናማ ጥርሶቿን ክፍሉ ሁሉ አያቸው፤ አቶ ወዬሳም ለብዙ ዓመት አብረዋት ሠርተው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩአቸው፣ ዓይናቸውንም ሰበሩ።

አቶ ወዬሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት የሚፈልግ ይመስለኛል» አሉ። «አጀንዳው ለሚቀጥለው...»

«አይተላለፍም። የጭነት መኪናው ከነገ ወዲያ ነው የሚሄደው። ወይ አሁን ይጠጡትና ማሽኑ ይነሣ፣ ወይ ደግሞ ማሽኑ ባለበት ይቅር።»

አቶ ወዬሳ ብርጭቆውን አዩት። ብርጭቆው የትም አልሄደም። ላቡ በአንገታቸው ይወርዳል፣ ሽሮው አቃጥሏቸዋል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው።

«ምን ይደረግ ነው የምትይው?» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ታንከሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው የውስጡ ነው። ከአሉሚኒየም የሚሠራ ነጭ ጠጠር አለ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ አጥንት የለበት፣ ሥጋ የለበት። መሐንዲሶቹን ዛሬ ጠዋት ጠይቄአቸዋለሁ። ከአጥንቱ ይወደዳል፤ ለመድረኩ የያዛችሁት በጀት ግን ይበቃዋል፣ ይተርፈዋል። ሁዳዴ ሳይገባ መድረስ አለበት። ክትትልም ከእንግዲህ ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፤ መኪና ከሌለ በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

«ቲሸርቱ ታዟል እኮ» አለ የፋይናንስ ኃላፊው።

ኑኃሚን ዞራ አየችው።

እንግዲህ ፍርድ ስንሰጥ ለአቶ ወዬሳም እንስጥ፤ ጾማቸው የእውነት ነበር። ለእይታ የሚጾሙ ቢሆኑ ኖሮ ጭልጥ አድርገው ጠጥተው ዓርብ መኪናውን ይልኩት ነበር። «ይሁን» አሉ። «ማሽኑ ይቆይ። የመድረኩ በጀት ወደ ጠጠሩ ይዙር። ገላና፣ ጻፍ።»

ገላና ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። በዚያ ቢሮ ስንት ዓመት የጻፈውን ነው የሚጽፈው፤ እጁ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ኑኃሚን ከትከሻው በላይ ቆማ አነበበችው። «በዳካ አዲ የውሃ ማጣሪያ አጠቃቀም ላይ ለተፈጠረው ችግር ዋና መንስኤ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት መሆኑን ጉባኤው ተወያይቶ...»

ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«የማን?»

ገላና ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አቶ ወዬሳን አያቸው። አቶ ወዬሳ አላዩትም፤ ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ ነው።

«የማን የግንዛቤ እጥረት ነው፣ ገላና?»

ገላና «የኅብረተሰቡ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ትንሽ ቆየና ከላዩ ላይ «የጽሕፈት ቤቱ» ብሎ ጻፈ። ኑኃሚን እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ አቶ ወዬሳ ፊት የቆመውን ብርጭቆ አንሥታ፣ አፏን ሳትሸፍን፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው።